«ስንት ናችሁ?»፦ የቤት ኪራይና የልጅ ውሳኔ በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ ተከትሎ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው አንድ ጥያቄ ያውቃል። የግቢው በር ይንኳኳል፤ አከራይዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ ይላሉ፤ ተከራዩን ከእግር እስከ ራሱ ይቃኙታል። ስለ ሥራውና ስለ ደመወዙ ከመጠየቃቸው በፊት «ስንት ናችሁ?» ይላሉ። «እኔና ባለቤቴ ብቻ» ከተባሉ ፊታቸው ይፈታል። «አንድ ልጅ አለን፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት» ከተባሉ ግን ውሃው በፈረቃ መምጣቱ ይነሳል፤ ቆጣሪው የጋራ መሆኑ ይነሳል፤ ግድግዳው ገና ትናንት መቀባቱ ይነሳል። ዙሪያ ጥምጥም የማይወዱ አከራዮች ደግሞ ላጤ ወይም ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ብቻ እንዲያመጣላቸው ለደላላው አስቀድመው ይነግሩታል።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚያች አጭር ጥያቄ ነው። ከግቢ በር የተነሳችው ጥያቄ ሠርግ ታዘገያለች፤ ሁለተኛውን ልጅ ለከርሞ ታሻግራለች፤ አንዳንዴም ለከርሞ የተባለውን ልጅ ጭራሽ ታስቀረዋለች።

ቋንቋችን ይህን ጉዳይ ከሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ቀድሞ ያውቀዋል። ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ «ቤተሰብ» ናቸው፤ የቤት ሰዎች። ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ይላሉ። ተከራዩ ሚስቱን «ባለቤቴ ናት» ብሎ ለአከራዩ ሲያስተዋውቅ፣ የቤቱ እውነተኛ ባለቤት ፊት ለፊቱ ቆሞ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በመውለጃ ዘመኗ በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር። የአዲስ አበባዋ ሴት አማካይ 1.9 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ አማካይ 5.4 ሲሆን የከተማዋ ወደ 1.4 ወረደ። በ2011 1.5፣ በ2016 ደግሞ 1.8 ሆኖ ተመዘገበ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት በአማካይ 2.1 ልጅ ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ እናቶች ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምሮ ከዚያ መስመር በታች ናቸው። ከተማዋ ግን አላነሰችም፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚገባው ሰው የጎደለውን ስለሚሞላ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም።

ነገሩ በጊዜው ተመራማሪዎችን አስገርሟል። ይትና ክንፉ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በሐሩራማው የአፍሪካ ክፍል ወሊድ ከመተኪያው መጠን በታች ሊወርድ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ በአዲስ አበባ መረጃ መረመሩት። በ2003 ደግሞ ዘውዱ ውባለም ከአምሰን ሲባንዳ፣ ከዴኒስ ሆጋንና ከዴቪድ ሊንድስትሮም ጋር በመሆን የከተማዋ አማካይ ወሊድ በ1990 ከነበረበት 3.1 በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1.9 እንዴት እንደወረደ ተነተኑ። ትልቁ ምክንያት ያላገቡ ሴቶች መብዛታቸው ሆኖ ተገኘ፤ የወሊድ መከላከያ ሁለተኛ ሆኖ ተከተለ። ጋብቻው ለምን ዘገየ ለሚለው ጥያቄም ጸሐፊዎቹ ሁለት ነገር ጠቆሙ፤ የሥራ ዕጦትና የቤት ውድነት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቂት ልጅ መውለድ በሽታ አይደለም። ብዙ የአዲስ አበባ ሴቶች ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ አስበው ነው ሁለት ልጅ ወይም አንድ ልጅ ያሉት። የእናቶቻቸውን ስምንት ልጅና ሦስት የልጅ ሐዘን ለመድገም የሚሹ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ንግግርም ሴቶችን ወደዚያ የሚመልስ ምክር የለውም። ጥያቄው ስለ ሌላው ወገን ነው፤ ልጅ እየፈለገ፣ ቤት አጥቶ «ትንሽ እንቆይ» ስለሚለው።

ያ ወገን በመጀመሪያ የሚቆየው ከጋብቻ ነው። በ2016ቱ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል የመጀመሪያ ጋብቻ አማካኝ ዕድሜ በአገር አቀፍ ደረጃ 17.1፣ በአዲስ አበባ ግን 23.9 ነበር። በዚህ ልዩነት ውስጥ ትምህርት አለ፣ የሕፃናት ጋብቻ መቅረት አለ፤ ሁለቱም እሰየው የሚያሰኙ ናቸው። ግን ጎጆ የሚወጣበት ጎጆ መጥፋትም በውስጡ አለ።

ለምን ጠፋ? የከተማዋ ቤት ታሪክ ረጅም ነው፤ አንድ ቀን ግን በተለይ መጠቀስ አለበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ለዘመናት ሳይነቃነቅ ስለቆየ የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው አይለቅም፤ ቤቱም አይሰፋም። በአንድ ክፍል የተጀመረው ኑሮ በመጋረጃ ይከፈላል፤ ከዚያ ቆጥ ይሠራለታል፤ ከዚያ ጓሮው ላይ ቆርቆሮ ይቀጠላል። ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ሥራ ይይዛል፣ ጢም ያወጣል፤ አልጋው ግን እዚያው ቆጡ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ከእናቱ ጋር የሚኖረው ሁልጊዜ እናቱን ስለሚወድ ብቻ አይደለም።

የተጋቡትም ቢሆኑ ጥያቄው አይለቃቸውም። ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጅ ሲያስቡ ስሌታቸው ከወተትና ከዳይፐር አይጀምርም። መጀመሪያ የሚታሰበው ማን የት እንደሚተኛ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይተኛ፤ ይሁን። እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ሞግዚት ትፈለጋለች፤ ሞግዚቷስ የት ትተኛለች? አራስ ልትጠይቅና ልታርስ ከክፍለ ሀገር የምትመጣዋ አያትስ? ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ የምትቆይ አያት ፍራሽ ያስፈልጋታል። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ጠያቂ የሚቀመጥበት፣ እንግዳ ቡና የሚጠጣበት ቦታ ያስፈልጋል። አራስ ቤት «ቤት» የተባለው በከንቱ አይደለም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል የተነገረው ደጁ ሰፊ፣ ዘመዱ ቅርብ በሆነበት አገር ነው። በአራት በአራት ክፍል ውስጥ ዕድሉም የሚተኛበት ያጣል።

ከቦታው ጥበት የባሰው የኪራዩ አለመርጋት ነው። ተከራይ ልጅ ሲያቅድ ዘጠኝ ወር ብቻ አያሰላም፤ ክትባቱን፣ ጡት መጣሉን፣ መራመዱን፣ ከዚያም መዋዕለ ሕፃናቱን ያሰላል። አከራዩ ግን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ሊል ይችላል። ትርጉሙን ሁለቱም ያውቁታል፤ «ጨምር ወይም ልቀቅ» ነው። ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር መዞር ለላጤ ድካም ነው። ሕፃን ለያዘች እናት ግን ጤና ጣቢያዋንም፣ ልጅ የምትይዝላትን ጎረቤትም፣ በዱቤ የሚሰጣትን ባለ ሱቅም ማጣት ነው።

አከራዮችም የሚሉት አላቸው፤ መሰማት አለበት። ብዙዎቹ ጡረተኞችና ባል የሞተባቸው እናቶች ናቸው፤ ሁለት ሰርቪስ አከራይተው ነው መድኃኒት የሚገዙት። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ግቢ ውስጥ የሕፃን ልብስ የሚታጠብበት ጀሪካን የሁሉም ነው። ጠቡ የሚነሳው ከክፋት ይልቅ ከእጥረት ነው። እጥረቱን የሚከፍለው ግን ገና ያልተወለደው ልጅ ሆኗል።

የቤት ፍለጋው አገር የሚያስለቅቅበትም ጊዜ አለ። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችን ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከሚልኩት ገንዘብ ከፊሉ ለቤተሰብ ቤት መሥሪያ ወይም ለቆርቆሮ መቀየሪያ ይውላል። ሴቲቱ የሌላ ሰው ልጅ እያሳደገች ለራሷ ልጅ የሚሆነውን ጣሪያ ትገዛለች። ስትመለስ ጣሪያው አለ፤ ዓመታቱ ግን የሉም።

ክቡራትና ክቡራን፣ እስካሁን የተባለው ሁሉ ልማድና ትዝብት ነው ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር አይፈረድበትም። ቤት ያለው ሰው ስለወለደ ቤቱ አስወለደው ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ቤት የሚገዛው መጀመሪያውኑ ልጅ ያሰበ ሰው ይሆናል። ይህን ለመለየት ቤትን በዕጣ የሚያድል አገር ማግኘት ያስፈልጋል። አንዱ ብራዚል ነው።

በብራዚል «ኮንሶርሲዮ» የሚባል ነገር አለ፤ እኛ ብናየው «እቁብ ነው» እንላለን። ሰዎች ተሰብስበው በየወሩ ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው በገንዘቡ ቤት ይገዛል፤ ያልደረሰው እያዋጣ ይጠብቃል። አባላቱ ሁሉ ቤት ፈላጊዎች ናቸው፤ የሚለያቸው ዕጣው ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሳቸውን ዘግይቶ ከደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። ለሁሉም ዕድሜ ሲታይ ቤት ማግኘት ልጅ የመውለድን ዕድል በ3.8 በመቶ ብቻ ከፍ አደረገው፤ ይህ ትንሽ ነው። ከ20 እስከ 25 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጭማሪው 32 በመቶ ሆነ። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ምንም ለውጥ አልታየም።

ይህን ውጤት ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም የዕጣ አገር ነን። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ስትከፍት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. በድጋሚ ሲከፈት ነባሩንና አዲሱን ጨምሮ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። የተሠራው ቤት ቀላል አይደለም፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ብቻ 51,229 ቤት ዕጣ ወጥቶበታል። ከጎተራ እስከ ጀሞ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የቆሙት ብሎኮች የስንቱን ሰው ጎጆ ሆነዋል።

ግን ሰልፉ ረጅም ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ በሥርዓቱ ውስጥ ገብቶ ተገኝቷልና። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በዚያ ዙር ከጠበቁት መካከል የ1997 ነባር ተመዝጋቢዎች ይገኙበታል። አንዲት ሴት በ25 ዓመቷ ተመዝግባ ነበር እንበል። ዕጣው ሲደርሳት 43 ዓመቷ ነው። ቤቷን ታገኛለች፤ የብራዚሉ ጥናት ግን በዚያ ዕድሜ ቤት በወሊድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደሌለ ነግሮናል። ወረፋ ስናወጣ የምናስበው ስለ ቤቱና ስለ ሲሚንቶው ነው፤ የሴቲቱ ዕድሜ ግን ከእኛ ወረፋ ጋር ተሰልፎ አይቆምም።

ሲደርስም የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲነደፉ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታው ከፍተኛውን ድርሻ ያዙ፤ ዓላማው አቅም ለሌለው እንዲደርስ ነበርና ምክንያቱ ይገባል። ቢሆንም ስቱዲዮ የደረሳቸው ባልና ሚስት ከፊታቸው ያለው ጥያቄ ያው የሰርቪስ ቤቱ ነው፤ ሞግዚቷ የት ትተኛ? ቦታውም ከመሀል ከተማ ሩቅ ነው። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ያደገች ልጅ ኮዬ ፈጬ ስትደርስ ቤት አገኘች፤ ልጅ የምትይዝላት እናቷ ግን በሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ቀረች።

ወደ ሌሎች አገሮች በጨረፍታ ማየት ይጠቅማል፤ ነገሩ አንድ ወጥ አለመሆኑንም ያሳያል። በአሜሪካ ሊሳ ዴትሊንግና ሜሊሳ ካርኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የቤት ዋጋ በ10 ሺህ ዶላር ሲጨምር ቤት ባላቸው ሰዎች ዘንድ ወሊድ በ5 በመቶ ጨመረ፤ ቤት በሌላቸው ዘንድ በ2.4 በመቶ ቀነሰ። አንዱን ሀብታም ያደረገው ዋጋ ሌላውን ከወላጅነት አራቀው። በአንድ መንደር ውስጥ የአከራዩ ልጅ ይወልዳል፤ ተከራዩ ይጠብቃል።

ደቡብ ኮሪያ በዚህ መንገድ ርቃ ሄዳለች። እዚያ «ጆንሴ» በሚባለው ልማድ ተከራይ በየወሩ ከመክፈል ይልቅ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ የሚያልፍ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለአከራዩ ያስይዛል። ያንን ገንዘብ ሳይዙ ማግባት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ ወሊድ 0.72 ሲሆን የሴኡል ከተማ 0.55 ነበር። ቤቱ ብቻ አይደለም የዚህ ምክንያት፤ የትምህርት ውድድሩም፣ የሥራ ሰዓቱም አለበት። ግን ቤት በጣም ውድ የሆነባት ከተማ ልጅ ያነሰባትም ከተማ ናት።

በተቃራኒው ሲንጋፖርን እንመልከት። ከአሥር ነዋሪ ስምንቱ ገደማ መንግሥት በሠራው ቤት ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ልጅ ላላቸውና ለሚጠብቁ ጥንዶች ቅድሚያ ይሰጣል። ሆኖም በ2023 ወሊዱ 0.97 ነበር። በእስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣቶች የቤት ውድነትን ተቃውመው በቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ላይ ድንኳን ተከሉ፤ የአገሪቱ ሴቶች አማካይ ወሊድ ግን በዚያው ዓመት 3 ነበር። ቤት ብቻውን ልጅ አያመጣም፤ ቤት ማጣትም ሁሉን ሰው አያስቀረውም። ዘመድ፣ እምነት፣ የሥራ ሰዓት፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ቤት የሚያደርገው የተፈለገውን ልጅ ማዘግየት ወይም አለማዘግየት ነው። ሲያዘገይ ደግሞ ጉዳቱ በወጣቱ ላይ ይበረታል።

በእኛ አገር በዚህ ረገድ ከወጡት ሕጎች አንዱ ልብ ሊባል ይገባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ የሚመለከተው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ ሲረቀቅ ክርክሩ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ግብርና ስለ ባለ ንብረት መብት ነበር። ስለ ልጅ ያወራ ጥቂት ነው። ግን ሁለት ዓመት ማለት ሃያ አራት ወር ነው፤ ዘጠኙ እርግዝና፣ አሥራ አምስቱ ሕፃኑ ተወልዶ ዳዴ ብሎ እስኪራመድ። ውል በወረዳ ተመዝግቦ በትክክል ከተከበረ፣ አንዲት ተከራይ እናት ከፅንስ እስከ መጀመሪያው እርምጃ ድረስ በአንድ ቤት መቆየት ትችላለች።

ስለዚህ ጥሪው ለሦስት ወገን ነው። ቤት ለሚያቅዱት፦ የካሬ ሜትሩን ዋጋ ስታሰሉ የተመዝጋቢዋን ዕድሜም አስሉ፤ ለወጣት ጥንዶች የሚሆን የኪራይ ቤት ከሚሸጠው ቤት እኩል ይታሰብ፤ በየብሎኩ ሥር ከሚከፈቱት ሱቆች አንዷ ክፍል የሕፃናት ማቆያ ትሁን። ለወረዳ ሠራተኞች፦ የሁለት ዓመቱ ውል በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ ከውል ውጭ በእጅ የሚጠየቀው ጭማሪ ሲነገራችሁ አትለፉት። በዚህ አዳራሽ ለተቀመጡ አከራዮች ደግሞ፦ ሕጉ ከሚያዛችሁ አንድ እርምጃ ማለፍ ትችላላችሁ። የሚቀጥለው ተከራይ በራችሁን ሲያንኳኳ ስለ ሥራው ጠይቁት፣ ስለ ጠባዩ ጠይቁት፣ ውሃው በምን ቀን እንደሚመጣም ንገሩት። «ስንት ናችሁ?» የሚለውን ግን በዚያ ቀን ተዉት፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች ራሷ ትነግራችኋለች።